ሳኦልም አንገቱን የደፋ ነበር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ደብራችን የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ሊያካሂድ ነው። ከምእመናን ወገን የሁለት ሰዎች ስም እየተነሣ ነው። አንደኛው ባለሀብት ናቸው። ቁመናቸው ግርማ አለው፣ ሲናገሩ ሰው ጸጥ ይላል። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ቆርቆሮ በሙሉ የገዙት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ አንገታቸውን የደፉ ሰው ናቸው። ስብሰባ ላይ ድምፃቸው አይሰማም። እኔ «ሰው ፊትን ያያል፣ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» የሚለውን እየጠቀስኩ ለሁለተኛው እየቀሰቀስኩ ነው። ባለቤቴ ግን «ሳኦልንም የመረጠው እግዚአብሔር ነው፤ ታዲያ ምን ሆነ?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ባለቤትሽ ጥያቄ ማንሣት ያውቅበታል። አንቺ የጠቀስሽው ቃል 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ላይ ነው። የእሱ ጥያቄ ግን ወደ ኋላ፣ እስከ ምዕራፍ 8 ይወስደናል። ብዙዎቻችን 16ን በቃል እናውቃለን፣ ከፊቱ ያለውን እንዘላለን።

የእስራኤል ነቢይና ዳኛ ሳሙኤል አርጅቷል። ልጆቹ ኢዮኤልና አብያ ቤርሳቤህ ላይ ዳኞች ሆነው ጉቦ ይበላሉ። ሽማግሌዎቹ ወደ ራማ መጥተው «እንደ ሌሎቹ አሕዛብ ንጉሥ አንግሥልን» አሉ። ቅሬታቸው እውነት ነበር። መፍትሔውን ግን ጎረቤት አይተው ነው ያመጡት። ሳሙኤል ቁጭ አድርጎ ነገራቸው፦ ንጉሡ ወንዶች ልጆቻችሁን ለሠረገላው፣ ሴቶቹን ለወጥ ቤቱ ይወስዳል፤ መልካሙን እርሻችሁን ለሎሌዎቹ ይሰጣል፤ ከእህላችሁም ከአሥር አንድ ያስገብራል። አልሰሙትም።

ከዚያ ሳኦል ይመጣል። የቂስ ልጅ ነው፣ ከብንያም ነገድ። የጠፉ የአባቱን አህዮች ሲፈልግ ነው ከሳሙኤል ጋር የተገናኘው። መልከ መልካም ነው፣ ቁመቱም ከሕዝቡ ሁሉ ከትከሻው በላይ ይረዝማል። እስከዚህ ድረስ ያንቺን ባለ ቆርቆሮ ሰው ይመስላል አይደል?

ቀጥለሽ አንብቢ። ሳሙኤል ሲያነጋግረው «ከታናሹ ነገድ፣ ከታናሹም ወገን ነኝ» አለ። ምጽጳ ላይ ዕጣ ወጥቶለት ስሙ ሲጠራ ሰውዬው የለም። ዕቃ መካከል ተሸሽጎ ነው ሄደው ያመጡት። «ይሄ ደግሞ ምን ያድነናል» ብለው ሲንቁት ዝም አለ። ከነገሠም በኋላ ምዕራፍ 11 ላይ የምናገኘው በሬዎቹን ተከትሎ ከእርሻ ሲመለስ ነው። አሞናዊው ናዖስ የኢያቢስ ገለዓድን ሰዎች ሁሉ ቀኝ ዓይናቸውን ካላወጣሁ ሲል የደረሰላቸው ይኸው ሰው ነው። ድል ሲያደርግ ሕዝቡ የናቁትን እንግደላቸው አለ፤ እሱ ግን ዛሬ ማንም አይሞትም ብሎ ከለከለ።

እንግዲህ አንገቱን የደፋው ሳኦል ነበር! ዳዊት ደግሞ ቀይ፣ ዓይኑ የተዋበ፣ መልኩ ያማረ እንደነበር ያው ምዕራፍ 16 ይነግረናል። ስለዚህ ጥቅስሽ ዝምተኛውን ምረጪ፣ መልከ መልካሙን ተዪ አይልም። ቃሉ የተነገረው የዳዊትን ታላቅ ወንድም ኤልያብን አይቶ በቃ ይሄ ነው ላለው ለሳሙኤል ነው። ለነቢይ! ነቢይ ልብ ማየት ካልቻለ እኔና አንቺ የባለ ሱቁን ልብ አየን ማለት ያስቸግራል። ዝምታ ትሕትና ሊሆን ይችላል። ፍርሃትም ሊሆን ይችላል። «ምን አገባኝ»ም ሊሆን ይችላል።

እንዲያውም ሳኦልን የጣለው ፍርሃት ይመስለኛል። ጌልገላ ላይ ሳሙኤል ሲዘገይ ሕዝቡ መበተን ጀመረ፤ ሳኦልም የራሱ ያልሆነውን መሥዋዕት አሳረገ። በአማሌቅ ጊዜ ደግሞ ሁሉን አጥፋ ተብሎ ሳለ ምርጥ ምርጡን በግና በሬ አስቀርቶ «የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ» ይላል፤ በጎቹ ከኋላው ይጮኻሉ። ሲጠየቅ ሕዝቡ ነው ያመጣው አለ። ጥያቄው ሲጠብቅበት «ሕዝቡን ፈርቼ ነው» አለ። በመጨረሻም በድያለሁ ካለ በኋላ የለመነው ምን መሰለሽ? «በሕዝቤ ሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ።» ያ ዕቃ መካከል የተደበቀው ሰው እዚህ ደረሰ። ሰው ምን ይለኛል ብሎ የሚሸሽም፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ የሚያጠፋም የሚፈራው አንድ ነገር ነው።

ዳዊት ሚስቱን ወስዶ ባስገደለው በኦርዮ ላይ የሠራው ከሳኦል በደል ያንሳል ብሎ የሚከራከረኝ የለም። ነቢዩ ናታን ፊት ለፊት ሲነግረው ግን «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ። አክብረኝ የለ፣ ሕዝቡ ነው የለ። ልዩነታቸው እዚህ ጋ ነው። ልብ ማየት ባንችልም ይሄን ማየት እንችላለን፤ ሰው ሲገሠጽ የሚያደርገው አይደበቅም።

ለባለቤትሽም የምትይው ከዚሁ ይወጣል። እግዚአብሔር ሳኦልን መረጠው እንጂ ፈቃዱን አልወሰደበትም። እግዚአብሔር ሳኦልን በማንገሡ «ተጸጸትሁ» የሚለውም «አይጸጸትም» የሚለውም ምዕራፍ 15 ውስጥ አብረው አሉ። እኔ የማነበው ኀዘን እንጂ ስሕተት አይደለም። ሳሙኤልም ያን ሌሊት ሁሉ ሲጮኽ አደረ።

እናንተ አገር አጠገብ እኮ ግሸን አለች። መስከረም 21 የምንወጣባት አምባ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁባትም ነበረች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በፈረንጆች 1434 ከዚያ ወርዶ ነገሠ። ብዙ ጻፈ፣ ደብረ ብርሃንን ቆረቆረ፣ በገዛ ልጆቹም ላይ ጨከነ። አምባው ላይ ሳለ ይሄን ማን ሊያውቅ ይችል ነበር?

እዚህ ደሴ ጎረቤቴ የሆኑት ሀጂ ቡና ላይ ሳኦልን ሳነሣ ጧሉት ብለው ይቀበሉኛል። በቁርኣን ሱረቱል በቀራህ ላይ ሕዝቡ ሀብት የሌለው እንዴት ይነግሥብናል ብለው ሲከራከሩ፣ መልሱ አላህ በዕውቀትና በአካል ጨምሮለታል የሚል ነው። «የእናንተም የእኛም ሰዎች ያው ኪስ ነው የሚያዩት» ይሉኛል በረካውን እየጠጡ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ላይ ሕዝብ ፊት ቆሞ «የማንን በሬ ወሰድሁ? የማንን አህያ ወሰድሁ?» ብሎ ራሱን አስመርምሯል። ሁለቱንም ሰዎች በዚህ መዝኗቸው። ባለሀብቱ ስብሰባ ላይ ተቃውሞ ሲገጥማቸው ምን አደረጉ? ቆርቆሮው ደረሰኝ ተቆርጦለት የደብሩ ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል ወይስ እስከ ዛሬ «የእኔ ቆርቆሮ» ይላሉ? ባለ ሱቁስ ዕድር ላይ ገንዘብ ይዘው ያውቃሉ? ሒሳቡ ሲጠየቅ ቶሎ አቀረቡ? ለባለሀብት «አይሆንም» ማለት ይችላሉ? ካልቻሉ ደብሩን የሚመራው ሌላ ሰው ነው የሚሆነው።

ባለሀብቱ ባይመረጡም ለቆርቆሮው ምስጋናው ይድረሳቸው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቅስቀሳሽን ከመቀጠልሽ በፊት ግን ወደ ሱቁ ጎራ በዪና «ይፈልጋሉ ወይ?» ብለሽ ሰውዬውን ጠይቂያቸው። ደብዳቤሽ ውስጥ እሱን አላየሁም።