ክሬያቲኒን ከ1.1 ወደ 1.4 ሲወጣ ምን ይታያል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነበር፦ ኩላሊት ከተተከለልሽ 8 ወር ሆኖሻል። ክሬያቲኒንሽ (የኩላሊትን ሥራ ለማወቅ በደም ውስጥ የሚለካው) 1.1 ላይ ረግቶ ቆይቶ አሁን 1.4 መጣ። ሐኪምሽ «በጥቂት ቀን ውስጥ ይደገም» ብሎ ሸኘሽ። ሪጀክሽን (ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት መቃወሙ) ነው ወይ? ሌላስ ምን የደም ምርመራ ልጠይቅ?

ሐኪም አይደለሁም። በተለገሰኝ ኩላሊት መኖር ከጀመርኩ ግን ዓመታት አልፈዋል፤ የላብራቶሪ ወረቀት ማንበብ ሳልወድ በግዴ ለምጃለሁ።

መደገሙ ተገቢ ነው። ከ1.1 ወደ 1.4 ከሩብ በላይ ጭማሪ ነው፤ ከራስ መነሻ ይህን ያህል ሲወጣ ሐኪሞች ዝም ብለው አያልፉትም። ግን «መታየት አለበት» እና «ኩላሊቱ እየተበላሸ ነው» ለየቅል ናቸው።

የእኔ ክሬያቲኒን 1.6 ነው፣ ከዓመት ዓመት። ላብራቶሪው ሁልጊዜ «ከፍተኛ» የሚል ምልክት ያደርግበታል፤ ሐኪሜ ግን አይቶት ያልፋል፣ የእኔ መነሻ እሱ ነዋ። በተቃራኒው 0.8 የነበረ ሰው 1.1 ቢገባ ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት ላይኖር ይችላል። ከእኔ 1.6 ይልቅ የሱ 1.1 ነው የሚያሳስበኝ። ስለዚህ ከወረቀቱ ዳር ከተጻፈው ኖርማል ይልቅ የራስሽን ያለፉ ውጤቶች ደርድረሽ እዪ። ላብራቶሪ ከቀየርሽ መለኪያውንም ተመልከቺ፤ አንዳንዶቹ በሚሊግራም ፋንታ በማይክሮሞል ስለሚጽፉ ያንቺው 1.4 እዚያ 124 ገደማ ሆኖ ይመጣል። ያን አይቶ የደነገጠ ሰው አውቃለሁ።

ክሬያቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያጣራው የጡንቻ ቆሻሻ ነው፤ በሌላ ምክንያትም ሊወጣ ይችላል። ከምርመራው በፊት ተቅማጥ ወይም ትውከት ነበረብሽ? ውሃ አንሶሽ ነበር? ማታውን ሥጋ በዛ አድርገሽ በልተሻል? ኮትሪሞክሳዞል የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ ትወስጃለሽ? ይህ መድኃኒት ኩላሊቱ ምንም ሳይሆን ክሬያቲኒንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ግን ኩላሊቱን በእርግጥም ሊጎዱ ይችላሉ። ከወሰድሽ ሳትደብቂ ተናገሪ።

ከዚያ ታክሮሊመስ፣ ሰውነታችን ኩላሊቱን እንዳይቃወም የምንውጠው የመከላከያ ማፈኛ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደሙ መቀዳት ያለበት የማታውን ከወሰድሽ 12 ሰዓት ሲሞላ፣ የጠዋቱን ከመዋጥሽ በፊት ነው። እኔ የምሄድበት ቦታ ደም የምትቀዳው ነርስ ክንዴን ከማሰሯ በፊት «የጠዋቱን ውጠሃል?» ትላለች። አንድ ቀን ከፊቴ የነበሩ አባት «አዎ ልጄ፣ ሰዓቴን አላሳልፍም» ብለው በኩራት መለሱላት። መርፌውን አስቀመጠችና በማግስቱ እንዲመለሱ ነገረቻቸው። ልክ ነበረች። ያ ደም ቢቀዳ ቁጥሩ ያለ አግባብ ሰማይ ይነካል፣ ሐኪሙም ያንን አምኖ መጠኑን ይቀንሳል።

በደም ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ናኖግራም በሚሊ ሊትር፣ ቆየት ሲል ከ5 እስከ 8 ይፈለጋል፤ ያንቺን ግን ሐኪምሽ ነው የሚወስነው። መጠኑ ሲበዛ ራሱ መድኃኒቱ ክሬያቲኒንን ያወጣል፤ ሲያንስ ደግሞ ለሪጀክሽን በር ይከፍታል። ግሬፕፍሩት፣ ፍሉኮናዞልና ክላሪትሮማይሲን ከፍ ያደርጉታል። ሪፋምፒሲን ያወርደዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ቀድሜ የምጠይቀው የቢኬ ቫይረስ ምርመራን ነው። ቫይረሱ በአብዛኞቻችን ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። መከላከያችን ሲዳከም ይነሳና አዲሱን ኩላሊት ያጠቃል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት። ትኩሳት የለው፣ ሕመም የለው፤ ክሬያቲኒኑ ብቻ ይወጣል። ልክ እንደ ሪጀክሽን። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለሪጀክሽን የመከላከያ ማፈኛው ይጨመራል፣ ለቢኬ ይቀነሳል። ቁጥር አይቶ በግምት ማከም አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። መጠኑን ራስሽ እንዳትነኪ የምለምንሽም ለዚሁ ነው።

ሪጀክሽኑን በተመለከተ በለጋሹ ላይ ያነጣጠሩ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚፈልግ የደም ምርመራ አለ። አዲስ መጥቶ ከተገኘ በቁም ነገር ይያዛል። ሌላው ከለጋሹ ሴሎች ወጥቶ ደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን ዲኤንኤ የሚለካው ነው፤ 1 በመቶ አካባቢ ብዙ ጊዜ እንደ ድንበር ይወሰዳል። ኩላሊቱ መጎዳቱን ይጠቁማል፣ ማን እንደጎዳው ግን አይነግርሽም። (በነገራችን ላይ ለተመሳሳይ መንትዮች አይሠራም፣ ዲኤንኤያቸው አንድ ነውና። በ1954 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ የተደረገው በእንደነዚህ ያሉ ወንድማማቾች መካከል ነበር።) ይህ የዲኤንኤ ምርመራ በየቦታው ስለማይገኝ ከሌለ አትጨነቂ። ቁርጡን የሚናገረው ባዮፕሲ (ከኩላሊቱ ቅንጣት ወስዶ መመርመር) ነው።

ሲስታቲን ሲ የሚባለው ሌላው የኩላሊት ሥራ መለኪያ ደግሞ በጡንቻ ብዛት አይወናበድም፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት ግን ከፍ ያደርገዋል። ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ስኳርና የደም ሴል ቆጠራ መቼም በመደበኛው ክትትል አሉ። የደም ባይሆንም የሽንት ፕሮቲን አይዘለል።

ትኩሳት ከመጣብሽ፣ ሽንትሽ ከቀነሰ፣ እግርሽ ካበጠ ወይም የተተከለው ቦታ ካመመሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ። የተደገመው ሲመጣ ክሬያቲኒኑን ብቻ ሳይሆን ታክሮሊመሱንና ደሙ ስንት ሰዓት እንደተቀዳም ጻፊልን።