ኪቦርዴን ይዤ ወዴት ልሂድ?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ፣ ለሙዚቃ ሲባል የት መኖር ይሻላል ሚለው ላይ፣ ስለገጠሙ አብሬ ልመልሳቸው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ነዎት። ሐዋሳ ነው ያለሁት፣ 31 ዓመቴ ነው፣ ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ሆቴልና ሰርግ ላይ ሰርቻለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ቪዛውም ተመታልኝ፣ ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ልጃችን ጋር ልንወጣ ነው። የባለቤቴ እህት ናሽቪል ናት፣ ቤቴ ኑ እያለች ነው። ጓደኞቼ ግን ዲሲ ናቸው፣ ናሽቪል ሄደህ ማን ሊሰማህ ነው፣ ሐበሻው ያለው እዚህ ነው ይሉኛል። ሙዚቃዬን መተው አልፈልግም፣ የቱ ከተማ ይሻለኛል? (ኪቦርዲስቱ)

መልስ፦ ወንድሜ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። ጓደኞችህ የሚሉህ ውሸት አይደለም። ዲሲና ዙሪያዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም በለው አሌክሳንድሪያ፣ ሐበሻው ብዙ ነው፣ ቅዳሜ ማታ አንድ ዘፋኝና አንድ ኪቦርድ ያለበት ሬስቶራንት አታጣም፣ ባንድ ሙሉ መክፈል የማይችል ቤት ደግሞ መጀመሪያ ሚጠራው ኪቦርዲስቱን ነው ምክንያቱም ድራሙም ቤዙም ካንተ እጅ ነው ሚወጣው። ከተማዋ ራሷም የሙዚቃ ከተማ ናት፣ የጃዙ ሰው ዱክ ኤሊንግተን ተወልዶ ያደገባት ናት፣ ጎጎ ሚባለው የጥቁሮቹ ግሩቭ እዛ ተፈጥሮ በ2020 የከተማዋ ኦፊሴላዊ ሙዚቃ ተብሎ በሕግ ጸድቋል።

ግን ኃይሉ መርጊያን አስብ። ያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት፣ አዲስ አበባ ሂልተን ሲያመሽ የነበረ ሰው፣ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ መጥቶ እዛው ቀረ፣ በ1985 ብቻውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ አንድ ካሴት ቀዳ፣ ከዛ በኋላ ለብዙ ዓመት ቤተሰቡን ያስተዳደረው ዲሲ ላይ ታክሲ እየነዳ ነው። ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ጭኖ ኤርፖርት ላይ ተራ እስኪደርሰው ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ ነው ዓለም የፈለገው፣ እሱም ጣቱ ስላልዛገ ተነስቶ መድረክ ላይ ወጣ። ይሄን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። ሐበሻ የበዛበት ከተማ መሄድ ብቻውን ሙዚቀኛ አድርጎ እንደማያኖር እንድታውቅ ነው፣ እንደሱ ያለ ሰው እንኳን መሪ ጨብጧል።

አሁን ናሽቪል። የካንትሪ ዘፋኞቹን ዶን ዊሊያምስንና ኬኒ ሮጀርስን ሳይሰማ ያደገ ሐበሻ መቼም ጥቂት ነው፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ቤት፣ ጎረቤት ሬዲዮ ላይ ሰምተናቸዋል፣ እና ያ ድምጽ የተሰራበት ከተማ ነው። ግራንድ ኦል ኦፕሪ ሚባለው የሬዲዮ ፕሮግራም ከ1925 ጀምሮ እስከዛሬ አለ። ብሮድዌይ ሚሉት መንገድ ላይ ቡና ቤቶቹ ከረፋድ ጀምሮ እስከ ሌሊት ባንድ አላቸው፣ መግቢያ አብዛኞቹ ጋ አይከፈልም፣ ሙዚቀኛው በፈረቃ ይጫወታል፣ አንዱ ፈረቃ አራት ሰዓት ያህል ነው፣ ብዙው ገቢ ደግሞ ባልዲው ውስጥ ሚገባው ቲፕ ነው። ከባድ ስራ ነው። ግን በሳምንት አምስትና ስድስት ቀን መድረክ ላይ መዋል ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።

እኔ ከጥቂት ዓመት በፊት ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ አንዱ ቤት ገባሁ። ኪቦርዱ ላይ ያለው ሽማግሌ ፊቱ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አስቀምጧል፣ ኖታ የለባትም፣ ኮርድ የለባትም፣ ቁጥር ብቻ፦ 1፣ 4፣ 1፣ 5። ዘፋኟ ጉሮሮዋን ይዛ ዝቅ አድርጉልኝ አለች፣ ከጂ ወደ ኤፍ ወረዱ፣ ማንም ወረቀት አልቀየረም፣ ማንም አልተደናገረም። ቁጥሩ ሚናገረው ከዘፈኑ መነሻ ድምጽ ተነስቶ ሲቆጠር ስንተኛው ኮርድ እንደሆነ ነው፣ ስለዚህ ጂ ሲ ዲ የነበረው ኤፍ ቢ ፍላት ሲ ሆነ እንጂ 1፣ 4፣ 5 ያው 1፣ 4፣ 5 ነው። የናሽቪል ቁጥር ይሉታል፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ስቱዲዮ ውስጥ ጊዜ ለመቆጠብ የጀመሩት ነው። እኛም እኮ ጆሯችን ሚሰራው እንደዚህ ነው፣ ሜጀሩ ትዝታ በነሱ ቁጥር 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6 ነው፣ ማይነሩ ላይ 3ኛዋንና 6ኛዋን ግማሽ ግማሽ ዝቅ ማድረግ ነው። ሐዋሳ እያለህ ምታውቃቸውን ዘፈኖች በሙሉ በቁጥር መጻፍ ጀምር፣ በየቀኑ ሦስት ጻፍ፣ አውሮፕላን ሳትሳፈር ቋንቋቸውን ግማሹን ትችላለህ።

ብሉበርድ ካፌ ሚባል ደግሞ አለ፣ በ1982 የተከፈተ፣ 90 ሰው ገደማ ሚይዝ ጠባብ ቤት ነው። የዘፈን ጸሐፊዎች መሀል ላይ ፊት ለፊት ክብ ሰርተው ይቀመጡና በየተራ የራሳቸውን ስራ ይጫወታሉ፣ ታዳሚው ጸጥ ብሎ ነው ሚሰማው፣ ያወራ ሰው ዝም በል ይባላል። ግጥምና ዜማ ሰሪው ከዘፋኙ እኩል ሲከበር ለማየት ያ ቤት ይበቃል። እኛ አገር የዜማ ደራሲ ስም ካሴቱ ጀርባ ላይ በደቃቃ ጽሑፍ ነበር ሚቀመጠው፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ ሲጠፋ አያለሁ፣ ያ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የኔ ምክር ናሽቪል ሂድ ነው። ልጅ ይዘሃል፣ ነጻ ማደሪያ አለህ፣ ዲሲ ላይ ግን ኪራዩ ብቻ ቅዳሜና እሁድህን ሙሉ ይበላዋል። ናሽቪል ያለበት ስቴት ቴነሲ ከደሞዝ ላይ የስቴት ታክስ አይቆርጥም፣ ፌዴራሉ እንዳለ ሆኖ፣ ዕቃ ስትገዛ ግን ታክሱ ይከብዳል። መንጃ ፈቃድ እንደደረስክ አውጣ ምክንያቱም ናሽቪል ያለመኪና አይሆንም፣ ኪቦርድ ተሸክመህ አውቶቡስ ጥበቃ ቆመህ አስበው። ግሪን ካርድ ስላለህ ስትጫወት ሕጋዊ ነህ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ በቪዚት ቪዛ ገብተው ተከፍሏቸው መጫወት ማይችሉ ስንት ጎበዞች አሉ። የቀን ስራ ያዝ፣ አትፈር። ማታ ግን ካንተ ሚበልጥ ኪቦርዲስት ጎን ቁም። ሐዋሳ ላይ ዘጠኝ ዓመት አንደኛ ሆነህ እንደሆነ ካሁን በኋላ ሚያሳድግህ አስረኛ መሆን ነው። ዲሲ አይጠፋም፣ በመኪና አስር አስራ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ የሰርግ ሰሞን ጓደኞችህ ሲጠሩህ ደርሰህ ትመለሳለህ።

ኒው ኦርሊንስን ያነሳህልኝ ይመስል ልቤ እዛ ሄደ። ከተማው ሙዚቀኞቹን ሚያክምበት ክሊኒክ ከ1998 ጀምሮ አለው፣ ከ2005ቱ ካትሪና ጎርፍ በኋላም ለሙዚቀኞች ተብሎ 72 ቤት ያለው ሰፈር ተሰርቷል። ዘመድ ለሌለው አዲስ መጪ ግን ኑሮው አይገፋም፣ ለጉብኝት ያዘው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፣ ሰሚ ነኝ። ፍራንክፈርት አካባቢ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው ምሰራው። ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር ነበርኩ፣ የፈረንጆቹን መዝሙርና ኦርኬስትራ እዚህ መጥቼ ነው የወደድኩት፣ ግን ትኬቱ እሳት ነው። ስራዬን የትም አገኛለሁ፣ ታዲያ የት ብኖር ነው በየሳምንቱ ምሰማው? (እህትዎ ከጀርመን)

መልስ፦ እህቴ ላይፕዚግ ግቢ። የሙዚቃ ደራሲው ባህ ከ1723 እስኪሞት 1750 ድረስ የሰራበት የቶማስ ቤተክርስቲያን እዛ ነው፣ የሱም አጽም እዛው ነው ያረፈው። ዘማሪዎቹ ወንድ ልጆች ናቸው፣ ማኅበራቸው ከ1212 ጀምሮ ያለ ነው፣ ትምህርት በሌለበት ጊዜ ካልሆነ ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ቅዳሜ ደግሞ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ይዘምራሉ፣ ለመግባት የፕሮግራሙን ወረቀት በጥቂት ዩሮ መግዛት ነው። የዓርቡ ፈረቃሽ ቢገጥም ቅዳሜው አያመልጥሽም። ኑሮውም ከፍራንክፈርት ይቀላል፣ መጦሪያ ቤቶቹም ሰራተኛ ይፈልጋሉ።

ለእረፍትሽ ደግሞ ቪየና። ኦፔራ ቤቱ ቆሞ ለሚያይ ሰው ብሎ ሚሸጠው ርካሽ ትኬት አለ፣ ተሰልፈሽ ገብተሽ ከብረቱ መደገፊያ ላይ ሻርፕሽን ታስሪያለሽ፣ የታሰረበት ቦታ ተያዘ ማለት ነው፣ ማንም አይነካውም፣ ወጣ ብለሽ ሻይ ጠጥተሽ ትመለሻለሽ። ነጠላሽን እሰሪበት። ሦስት ሰዓት መቆም ይከብዳል ሚሉ አሉ፣ ማኅሌት ቆማ ላደረች ልጅ ግን ምን አላት። በርሊን ያለፍሽ ጊዜም ፊልሃርሞኒ ሚባለው የኮንሰርት ቤት መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ቀን ላይ በነጻ ሚሰጠው የምሳ ሰዓት ኮንሰርት አለ፣ ቀኑን አጣሪና ቀደም ብለሽ ድረሺ፣ ሰው ወለል ላይ ተቀምጦ ነው ሚሰማው።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው ደሴ ነኝ፣ ማሲንቆ ጀምሬያለሁ፣ ሙዚቀኛ ለመሆን አዲስ አበባ መግባት ግድ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ለትምህርቱ ይጠቅማል፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እዛ ነው ያለው፣ 12ኛን በደንብ ጨርስና ሞክር። ግን አሁን የቆምክበትን ቦታ እይ። ባቲና አምባሰል ለሌላው ሰው የቅኝት ስም ናቸው፣ ላንተ ግን አውቶቡስ ሚሄድባቸው አገሮች ናቸው። አራቱን ቅኝት፣ ትዝታን ባቲን አምባሰልን አንቺ ሆዬን፣ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሽማግሌ ጣት ተማር። ባቲ ገበያው ሰኞ ነው ሚቆመው፣ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሂድ፣ ሚጫወት አዛውንት ስታገኝ ፈቃድ ጠይቀህ በስልክህ ቅዳ፣ ስማቸውንና የመጡበትን ቀበሌ ጻፍበት፣ ከዛ ቤትህ ገብተህ ጅማቱን በሳቸው ድምጽ ቃኝ።