ሪሙን ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የ22 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ጅማ፣ ሄርማታ ነው የምኖረው። አባቴ የድሮ ቪትዙን ለቆልኛል። ሊብሬውም ኢንሹራንሱም በእሱ ስም ነው፤ የሚነዳው እሱ ነው ተብሎ ተሞልቷል። እኔ ስፖርት ሪም ገጠምኩበት፣ ሞላውን አስቆርጬ ዝቅ አደረግሁት፣ ከኋላ ትልቅ ስፒከር አስገባሁ። አሁን የኢንሹራንሱ ውል ሊታደስ ነው። ጓደኞቼ «ከተናገርክ ዋጋውን ይሰቅሉብሃል» ይላሉ። አባቴም በእሱ ስም ይርከስ ባይ ነው። እኔ ግን በየሳምንቱ አጋሮ እመላለሳለሁ፤ ልቤ አልረጋልኝም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ

ልጄ፣ ተናገር። ጓደኞችህ ዋጋው ሊጨምር ይችላል ያሉት እውነት ነው። ስንት እንደሚጨምር ግን የጠየቀ ያለ አይመስለኝም።

ሶስተኛ ወገን የሚባለው ኢንሹራንስ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፤ ለሌላ ሰው እንጂ ለቪትዝህ አይከፍልም። ያንተ ጣጣ የራስህን መኪና ጉዳት የሚሸፍነው ሙሉ ዋስትናው ላይ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ውል የሚገባ ሰው አደጋውን የሚመለከተውን የሚያውቀውን ሁሉ እንዲያስታውቅ ያዛል። አውቆ የደበቀ ሰው ውሉ ፈርሶ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ደግሞ ከሪሙ የሚብሰው የሹፌሩ ነገር ነው። አባትህ ይነዳል ተብሎ አንተ ከሆንክ መሪ ላይ ያለኸው፣ ለክርክር በር ከፈታችሁ ማለት ነው። ስምህ ይግባ። ለወጣትና ለአዲስ መንጃ ፈቃድ ኤክሰሱ፣ ማለትም ከጉዳቱ ራስህ የምትችለው ድርሻ፣ ከፍ ሊል ይችላል። አስቀድመህ ብታውቀው ይሻላል።

ወደ አጋሮ ስትሄድ በሂሳብ ሰው የምትጭን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የቤት መኪና ተብሎ የተገባ ውል ለዚያ አይሆንም።

ሪሙና ስፒከሩ ውሉ ላይ በተሞላው የመኪናው ግምት ውስጥ ካልተደመሩ ቢሰረቁም አይከፈልህም። ግምቱን አሳንሶ አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለውን ዋጋ፣ መቆጠብ የሚባለው ጨዋታም አለ፤ አባትህን እንዳይሸውደው። 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣውን መኪና በ500 ሺህ አስገብታችሁ የ100 ሺህ ጉዳት ቢደርስ፣ ግማሹን ብቻ ስላስገባችሁ የሚታሰብላችሁም ግማሹ፣ 50 ሺህ ነው። ከዚያም ላይ ኤክሰሱ ይነሳል። የመኪና ዋጋ እንዲህ በናረበት ጊዜ የአምና ግምት ዘንድሮ አይሠራም።

የተቆረጠውን ሞላ እኔ ብሆን ነገ አስመልሰዋለሁ። ሰው ሞልተህ ኩርባ ላይ ስትጠመዘዝ መኪናው አይታዘዝህም፤ ይህን ለማለት ኢንሹራንስም አያስፈልገኝም።

ከአባትህ ጋር ሂዱ፤ የሪሙን ደረሰኝ ያዙ። ሁለት ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ። አባትህ ካሳ ሳይጠይቅ የቆየባቸው ዓመታት ካሉ ቅናሹን ጠይቁ፤ አንዳንዱ ካልተጠየቀ አይነግርም። የተስማማችሁበት ሁሉ ውሉ ላይ በጽሑፍ ይግባ፣ ማህተምም ይኑረው። ወኪሉ በቃል «ችግር የለም» ቢልህ፣ «እዚህ ጻፍልኝ» በለው።