የኤክስቲ 500 ሞተር «ሙሉ ኦርጅናል» ነው ሲባል ምን ምን ይታያል?

«ጀርመን ውስጥ የ1976 ያማሃ ኤክስቲ 500 ሞተር ሳይክል አግኝቻለሁ፤ ሻጩ ሞተሩ ሙሉ ኦርጅናል ነው ይላል፤ ሳልፈታው በምን ልወቅ?» ላልከው ወንድማችን።

ሳይፈታ ሁሉም አይታወቅም፣ አብዛኛው ግን ይታወቃል። በዚህ ሞተር ላይ የሚያሳስተው ርካሽ ቅጂ ዕቃ ብቻ አይደለም። ከ1978 ጀምሮ የወጣው የአስፋልት ሞተር ሳይክል ኤስአር 500 ከዚሁ ከኤክስቲ የተወለደ ነው፤ ብዙ ዕቃው ሄዶ ይገጥማል። ስለዚህ ዕቃው እውነተኛ የያማሃ ሥራ ሆኖ የዚህ ሞተር ዕቃ ላይሆን ይችላል። ሻጩ ሳይዋሽም ሊያሳስትህ የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

የእጅ ባትሪ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ ናፍጣ፣ ካሊፐርና ከስልክ ጋር የሚሠራ ቀጭን የኢንዶስኮፕ ካሜራ ይዘህ ሂድ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እይ። የሞተሩ ቁጥር በቀኝ በኩል ከኋላ፣ ከካርተሩ (ከሞተሩ የታችኛው ቤት) ከፍ ባለች ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተመትቷል። የፍሬሙ ደግሞ በመሪው አንገት ቀኝ ጎን ነው። ፊት ያሉት ሦስቱ የሞዴሉ መለያ ናቸው፦ በቀደሙት ኤክስቲዎች 1ኢ6 (1E6)፣ ኋላ በአውሮፓ በተሸጡት 1ዩ6 (1U6)። 2ጄ4 (2J4) ካየህ ካርተሩ የኤስአር ነው። ያማሃ በዚያ ዘመን ፍሬሙና ሞተሩ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመታ ስለነበር ሁለቱ መግጠም አለባቸው። ይህን ግን ወደ ሆንዳ አትውሰደው። በ1972 የወጣው ኤክስኤል 250 ሞተሩ ላይ ኤክስኤል250ኢ ብሎ ይጀምራል፣ ቁጥሩም ከፍሬሙ ጋር ከፋብሪካው ጀምሮ አይመሳሰልም። «ቁጥሩ አልገጠመም፣ ሞተሩ ተቀይሯል» ተብሎ በከንቱ የተጣለ ሆንዳ ብዙ ነው።

ቁጥሩን በናፍጣ ካጸዳህ በኋላ ባትሪውን ከጎን አስተኝተህ አብራበት። የፋብሪካ ምት ጥልቀቱም ክፍተቱም ተቀራራቢ ነው። ቦታዋ ከዙሪያዋ ዝቅ ብላ ከታየች፣ የሞላ (የመፍጫ ድንጋይ) ወይም የብርጭቆ ወረቀት ጭረት እዚያች ላይ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ከቁጥሩ ሥር የሌላ ቁጥር ጥላ ካለ ተወው። ሞተሩ ጥሩ ቢሆን እንኳ ወረቀት ላይ ያስቸግርሃል፤ ወደ አገር ቤት ላስገባው ብትል ደግሞ ሊብሬ ላይ ይባስ።

ቁጥሩ የሚመሰክረው ግን ለካርተሩ ብቻ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ)፣ ሲሊንደሩና ፒስተኑ ተከታታይ ቁጥር የላቸውም፤ እነሱ የሚታወቁት በዕቃ ኮድ ነው። የያማሃ ኮድ ሦስት ክፍል አለው፦ ሦስት ምልክት ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው ሞዴል እንደተሠራ፣ አምስት አሃዝ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ሁለት አሃዝ ስንተኛ ማሻሻያ እንደሆነ። 11111 ቴስታታ፣ 11311 ሲሊንደር፣ 11631 መደበኛ ፒስተን፣ 12111 የማስገቢያ ቫልቮላ ነው። የዚህ 500 ሞተር ብዙ ዕቃ በ583 ይጀምራል። 1ኢ6 ሞተር ላይ 583 ሲያዩ «የሌላ ነው» የሚሉ አሉ፤ ትክክለኛው እሱ ነው። ከ2ጄ የሚጀምር ካየህ ግን ከኤስአር መጥቷል።

አዲስ መለዋወጫ ስትገዛ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የኤስአር 500 ታናሽ ወንድም ኤስአር 400 እስከ 2021 ስለተመረተ ያማሃ አንዳንድ የድሮ ኮዶችን በኋለኛ ኮድ ተክቷቸዋል። በ583 አዝዘህ ሌላ ኮድ የተለጠፈበት ከረጢት ቢመጣ ፎርጅድ ነው ብለህ አትመልስ፤ መጀመሪያ የመተኪያ ዝርዝሩን አስፈትሽ።

ከውጭ የሚታየው ሌላው ካርቡራቶሩ ነው። ሚኩኒ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ ሚኩኒ ለብዙዎች ሠርቷል። አካሉ ላይ የተመታውን የመለያ ኮድ አንብብና ከጥገና መጽሐፉ ሰንጠረዥ ጋር አስተያይ። የሚኩኒ ዢግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን) ላይ ካሬ ውስጥ ካሬ ያለበት ትንሽ ምልክት አለ፤ ያ ከሌለው ተመሳሳይ ቁጥር ቢጻፍበትም ቀዳዳው እኩል ላይሆን ይችላል። ማቀጣጠያው ደግሞ በቀደመው ኤክስቲ ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ብልጭታ የሚያስነሳ መገናኛ) እና 6 ቮልት ነው። 12 ቮልትና ሲዲአይ (ያለ ፑንቲና የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ) ካገኘህ ወይ የኤስአር ዕቃ ነው፣ ወይ ኋላ የተገጠመ ኪት። ለመንዳት ይሻላል እንጂ አይከፋም፣ ዋጋው ግን በ«ሙሉ ኦርጅናል» መሆን የለበትም።

አሁን ካንዴላውን ፍታ። የዴኮምፕረሽን ማንሻውን (የታመቀውን አየር የሚለቀውን) ይዘህ በፔዳሉ ቀስ እያልክ ፒስተኑን ወደ ላይ አምጣና ካሜራውን በ14 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ አስገባ። የመደበኛው ሲሊንደር ስፋት 87 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት (የሚወጣ የሚወርድበት ርዝመት) 84 ነው፤ 499 ሲሲ የሚሆነው ከዚያ ነው። የተለቀቀ፣ ማለትም በሬክቲፊካ ተላግቶ የሰፋ ሲሊንደር ከሆነ ፒስተኑ አናት ላይ 25፣ 50፣ 75 ወይም 100 ዓይነት ምልክት ይኖራል፤ ከ0.25 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ተጨምሯል ማለት ነው። ከሰሉ ወፍራም ከሆነ አይነበብም፤ በሽቦ ለመፋቅ አትሞክር፣ የወደቀው ፍርፋሪ ቫልቮላ ሥር ይገባል። ምቱን በእንጨት እለካለሁም አትበል፣ የካንዴላው ቀዳዳ ያዘነበለ ስለሆነ ያሳስትሃል።

ቴስታታው ከተፈታ ካሊፐሩን አውጣ። የኤክስቲ ማስገቢያ ቫልቮላ ራሱ 45 ሚሊ ሜትር፣ የኤስአር 47 ነው። ፒስተኑ ከወጣም ሆዱን እይ፦ የፋብሪካው ቀልጦ የተጣለ ስለሆነ ሻካራ ነው፤ የዊስኮ ወይም የቮስነር ተቀጥቅጦ የተሠራ ፒስተን ግን ለስላሳና ተላግቶ የተስተካከለ ነው። የፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ፊደል ያለበት ፊት ወደ ላይ ካልሆነ፣ ዕቃው የማንም ይሁን የገጠመው ሰው አያውቅም።

ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ (የዘይት መከላከያ ጎማ) ላይ አትጨነቅ። ኮዮ፣ ኤንቲኤን፣ ኤንኤስኬ የሚሉት ፋብሪካው ራሱ ይገዛቸው የነበሩ ናቸው። ይልቅ መጋጠሚያዎቹን ተመልከት፦ ከጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መካከል ከሚገባው ንጣፍ) ጠርዝ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሲሊኮን ከተረፈረፈ ሞተሩ ተከፍቷል፣ በችኮላም ተዘግቷል። ከውስጥ የተረፈረፈው ተቆርጦ የዘይት መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ ካምሻፍቱ ያለ ዘይት የሚቀረው እንዲህ ነው። የክዳኑ ባለ መስቀል ብሎኖች አናት ላይ ትንሽ ነጥብ ካለች የጃፓን መለኪያ ናቸው፤ በተራ ካቻቢቴ ስለሚበሉ አብዛኛው ሰው በአለን ቡሎን ቀይሯቸዋል፣ ያን እንደ ጥፋት አትቁጠረው።

ዋጋ ሲመጣ፣ የያማሃ 87.50 ፒስተን ያለበት ሲሊንደር በእኔ ሚዛን ጤነኛ ነው፣ ገና ሁለት ሬክቲፊካ ይቀረዋል። 88 ላይ የደረሰ ከሆነ ግን የመጨረሻው ነው፤ የአዲስ ካሚቻውን (የሲሊንደሩን የውስጥ ቱቦ) እና የሥራውን ወጪ ከሻጩ ዋጋ ላይ አስቀንስ።