ሰፈር ስትመርጪ ከቢሮሽ ሳይሆን ከልጆቹ መውጫ ሰዓት ተነሺ

ሰላም እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። አዲስ ስራ አግኝተሽ፣ ባለቤትሽንና የ4 እና የ9 ዓመት ልጆችሽን ይዘሽ ወደማታውቂው ከተማ ልትሄጂ ነው። ቢሮሽ መሀል ከተማ ነው፣ እናንተ ግን ዳር ላይ ለልጆች የሚመች ረጋ ያለ ሰፈር ትፈልጋላችሁ። «ከየት ልጀምር? ቤቱንስ ከመሄዳችን በፊት ልያዘው ወይ?» ብለሻል። እኛም በስራ ምክንያት ልጆች ይዘን ከአንዴም ሁለቴ ከተማ ስለቀየርን ያየሁትን ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ምን መሰለሽ፣ ካርታ ይከፍታል፣ ቢሮውን ያገኛል፣ ከዚያ ኪራይ እስኪረክስ ድረስ ወደ ዳር ይሄዳል። የምትኖሪው ግን በካርታ ላይ አይደለም። የምትኖሪው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ባለው የስራ ቀን ውስጥ ነው። የዚያ ቀን ቋጠሮ ደግሞ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት ነው። የቢሮ መግቢያ ሰዓት አስር ደቂቃ ቢዛነፍ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ልጅ ግን በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄሽ ይህ ይሁን፦ ትምህርት ቤቱ ከቀትር በፊት ደውሎ «ልጁ አተኩሶታል፣ መጥታችሁ ውሰዱት» ቢል ማን ይሄዳል፣ በምን ያህል ጊዜስ ይደርሳል? ከሁለታችሁ አንዳችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መድረስ ካልቻላችሁ፣ ሰፈሩ የፈለገውን ያህል ቢያምር እኔ አልመርጠውም። ባለቤትሽ ለጊዜው ስራ እንደሌለው ጽፈሻል። አሁን እሱ ቤት ስላለ ሁሉም ነገር ቀላል ሊመስል ይችላል፣ ነገር ግን እሱም ስራ ያገኛል፣ ያኔ ሰፈሩ ሁለታችሁም እየሰራችሁ የሚያኖር መሆን አለበት። ስለዚህ ስታስቢው ከአሁኑ ሁለታችሁም ስራ እንደያዛችሁ አድርገሽ አስቢው። የእሱ ስራ ከቢሮሽ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሆንስ? ሰፈሩ መውጫው አንድ መንገድ ብቻ ከሆነ አንዳችሁ በየቀኑ ትሰቃያላችሁ።

ስለ መንገዱ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው ችላ ብሎት በኋላ የሚያማርረው እሱን ነው። ርቀትን በኪሎ ሜትር አትለኪው፣ በደቂቃ ለኪው፣ እሱንም በሚጨናነቅበት ሰዓት። የጎግል ካርታ ላይ «አሁን ብነሳ» ብለሽ ሳይሆን ሰኞ ጠዋት ቢሮ የምትደርሺበትን ሰዓት ሞልተሽ እዪው። ከአማካዩ ይልቅ ደግሞ ልዩነቱን ተመልከቺ። አንዳንዴ 25 ደቂቃ፣ አንዳንዴ 70 ደቂቃ ከሚፈጅ መንገድ ሁልጊዜ 45 የሚፈጀው ይሻላል፣ ምክንያቱም ልጅ የሚቀበል ሰው እቅድ ማውጣት መቻል አለበት። ባቡር ወይም የራሱ መስመር ያለው አውቶቡስ ያለበት ሰፈር የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ጣሊያናዊው የፊዚክስ ምሁር ቼዛሬ ማርኬቲ እ.ኤ.አ. በ1994 እንደጻፈው ሰው በየዘመኑ፣ በእግሩም ሄደ በመኪና፣ በቀን ለመንገድ የሚያውለው ጊዜ በአማካይ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ መሄጃውም መመለሻውም ተደምሮ። ከዚያ ብዙ ካለፈ ከሌላ ነገር ላይ እየተቀነሰ ነው፣ የሚቀነሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከልጆች ጋር ከሚያሳልፉት ማታ ነው። ብሩኖ ፍሬይና አሎይስ ስተትዘር የሚባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ደግሞ የጀርመንን መረጃ አይተው፣ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በኑሯቸው የሚሰማቸው እርካታ ዝቅ እንደሚል፣ የተሻለው ደመወዝም ሆነ የተሻለው ቤት ያንን ሙሉ በሙሉ እንደማያካክስ አግኝተዋል። እኔ በዓይኔ ያየሁትም ይህንኑ ነው። ሰው አንድ ተጨማሪ ክፍል ለማግኘት ብሎ ይርቃል። ክፍሉን እንግዳ ሲመጣ ይጠቀምበታል፣ መንገዱን ግን በየቀኑ ነው የሚከፍለው።

የኪራዩን ነገርም እንዲሁ አስቢው። ኪራይን ብቻውን አታወዳድሪ። ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ነዳጅ፣ ሰርቪስ፣ ከትምህርት በኋላ ለልጅ ማቆያ የሚከፈለው፣ ሁሉንም ደምረሽ ነው ሁለት ሰፈር ማወዳደር ያለብሽ። ርካሽ የሚባለው ሰፈር ሁለተኛ መኪና የሚያስገዛ ከሆነ ርካሽ አይደለም።

ወደ ሰፈሩ ውስጥ እንግባ። ለልጅ የሚመች ሰፈር ሲባል ሰው ፓርክና ጥሩ ግቢ ነው የሚታየው። እኔ መጀመሪያ የማየው መንገዱን ነው። ዶናልድ አፕልያርድ የሚባል የከተማ ፕላን ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሚመሳሰሉ ሦስት መንገዶችን አጥንቶ ነበር። በቀን ወደ 2,000 መኪና የሚያልፍበት መንገድ ላይ የሚኖሩ ሰዎች በአማካይ 3 ጓደኛ እዚያው መንገዳቸው ላይ ነበራቸው፣ ወደ 16,000 መኪና የሚያልፍበት ላይ ያሉት ግን አንድ እንኳን አይሞላም። ሰዎቹ በባህሪ ስለተለያዩ ብቻ አይደለም። መኪና የሚበዛበት መንገድ ላይ በር ላይ የሚቆም የለም፣ የማይቆም ሰው ደግሞ አይተዋወቅም። አንቺ ዘመድ ወደሌለሽ ከተማ ነው የምትሄጂው። አንድ ቀን ዘግይተሽ «እባክሽ ልጄን ለአስር ደቂቃ ያዢልኝ» የምትያት ጎረቤት የምትገኘው ከመንገዱ ነው።

ፍጥነትም አለ። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ምልክቱ ምንም ይበል ምን፣ ሹፌር በፍጥነት ይነዳበታል፣ ሀብታም ሰፈር ውስጥም ቢሆን። የዓለም ጤና ድርጅት ልጆችና እግረኞች በሚበዙበት ቦታ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን የሚመክረው፣ ከዚያ ሲያልፍ የተገጨ እግረኛ የመትረፍ ዕድሉ እያሽቆለቆለ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ ወይ? የእግረኛ መንገዱ እስከ ትምህርት ቤቱ ይደርሳል ወይስ መሀል ላይ ተቋርጦ ሰውን አስፋልት ላይ ያወጣዋል? ዜብራው ላይ መኪና ይቆማል? እነዚህን ሄዶ ማየት እንጂ በፎቶ ማወቅ አይቻልም።

አንድ ቤት ልንይዝ ጥቂት ሲቀረን የሆነውን ልንገርሽ። ቤቱ ብርሃን የሞላው፣ ንጹህ፣ ትምህርት ቤቱም በእግር የሚደረስ ነበር። ደላላው ጠዋት ረፋድ ላይ ነው ያሳየን፣ መንገዱም ጭር ያለ ነው። ባለቤቴን ልጆች በሚወጡበት ሰዓት እንመለስ አልኩትና 9 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ አጠገብ ቆምን። አንዲት ትልቅ ሴት ሁለት ልጆች ይዘው ለመሻገር ይጠብቃሉ። የትንሹን ልጅ እጅ ሳይሆን የቦርሳውን ማንጠልጠያ ነው ጭምቅ አድርገው የያዙት፣ ልጁ በወጣ ቁጥር ወደ ኋላ ይስቡታል። መኪናው አያልቅም። በመጨረሻ አንድ አውቶቡስ ቆሞላቸው ተሻገሩ። የኛ ትልቋ ያንን መንገድ ብቻዋን ልትሻገር እንደማትችል ሁለታችንም ሳንነጋገር ገባን። ቤቱን ተውነው።

በኋላ የያዝነው ቤት አነስ ያለ ነበር። ነገር ግን መንገዱ ላይ በጠመኔ የተሳለ የሰኞ ማክሰኞ መጫወቻ አየን፣ አንድ በር ላይ ደግሞ የልጅ ብስክሌት ሳይታሰር ተጋድሟል። ሰፈር ስትጎበኚ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ፈልጊ። ልጅ የሚጫወትበት ሰፈር ምልክት ይተዋል። መጫወቻ ሜዳ ኖሮ ሰው የሌለበት ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቂ፣ ምክንያት አለው።

በተለይ ለ9 ዓመቷ ልጅሽ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ብቻዋን ሱቅ ልትላክ፣ ጓደኛዋ ቤት ልትሄድ የምትችልበት ዕድሜ ላይ ትደርሳለች። ሁሉ ነገር በመኪና የሆነበት ሰፈር ውስጥ ከሆነ አንቺ ሹፌሯ ትሆኛለሽ፣ እሷም አንቺን እየጠበቀች ታድጋለች። መውጫ የሌላቸው የውስጥ መንገዶች ጸጥታቸው ጥሩ ነው፣ ግን በእግር የሚያሳልፍ ቀጭን መተላለፊያ እንዳለ አረጋግጪ። ከሌለ ከአጥሩ ጀርባ የሚታየው ትምህርት ቤት ዞሮ ሲሄዱት ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል።

ስትጎበኚ ቢያንስ ልጆች በሚወጡበት ሰዓት እና ማታ ከመሸ በኋላ ሂጂ። ከተቻለ ዝናብ የዘነበ ለታ። ማታ መብራቱን፣ ድምፁን፣ ማን እንደሚንቀሳቀስ ታያለሽ። ሴቶች ብቻቸውን በእግራቸው የሚሄዱበት ከሆነ ስለ ጸጥታው ብዙ ነግሮሻል። ደላላን ስለ ሰፈሩ አትጠይቂ፣ ስራው ማከራየት ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ ወላጆችን ጠይቂ፣ ፋርማሲ ውስጥ ያለችውን ልጅ ጠይቂ። «ሰፈሩ ጥሩ ነው?» ብትያቸው «ጥሩ ነው» ይሉሻል፣ ማን ሰፈሬ መጥፎ ነው ይላል። «ልጆቹ ከትምህርት በኋላ የት ነው የሚውሉት?» ወይም «ከዚህ የለቀቀ ሰው ታውቂያለሽ፣ ለምን ለቀቀ?» በያቸው፣ ያኔ ወሬው ይመጣል።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ፣ ቤት ከመያዝሽ በፊት ደውለሽ በልጅሽ ክፍል ቦታ መኖሩን አረጋግጪ። ጥሩ ስም ያለው ትምህርት ቤት አጠገብ ተከራይቶ ቦታ ሞልቷል መባል ያጋጥማል። በአንዳንድ ቦታ ምዝገባው በመኖሪያ አድራሻ ስለሚወሰን ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ያለ ቤት የተለያየ ትምህርት ቤት ሊደርሰው ይችላል። የፈተና ውጤት ደረጃውን እዪው፣ ግን አትመኪበት፣ ውጤቱ የወላጆቹን አቅምና ትምህርት ጭምር ነው የሚያሳየው። እኔ የምጠይቀው በዓመቱ መሀል የሚመጣን ልጅ እንዴት እንደሚቀበሉ ነው። ለትንሹ ደግሞ ሰዓቱን ጠይቂ። ብዙ መዋዕለ ሕፃናት ግማሽ ቀን ብቻ ናቸው፣ ይህን ሳያውቁ ስራ መጀመር ቤቱን ያናጋዋል።

አሁን «ልያዘው ወይ?» ላልሽው፦ ፎቶ አይተሽ የረጅም ጊዜ ውል አትፈርሚ፣ ቤቱን ሳታዪ ቅድሚያ ክፍያም አትላኪ። የሌለ ቤት በፎቶ የሚያከራዩ አጭበርባሪዎች የሚፈልጉት ከሩቅ የሚመጣ የቸኮለ ሰው ነው። ቀጣሪሽ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማረፊያ ይሰጥ እንደሆነ ሳታፍሪ ጠይቂ። ካልሰጠ ደግሞ ዕቃ ያለው ቤት ለአጭር ጊዜ ተከራይታችሁ እዚያ ሆናችሁ ፈልጉ። መግዛቱን ለአሁኑ እርሺው፣ ቢያንስ የሙከራ ጊዜሽ እስኪያልቅ። ውሉ ላይም አስቀድመሽ አሳውቀሽ መልቀቅ የምትችዪበት አንቀጽ ይግባ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይነግርሽ አንድ ነገር አለ። ቤት ትቀይሪ ይሆናል፣ ትምህርት ቤት ግን እንዳይቀየር አድርጊ። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን አካባቢ ምረጪ፣ እዚያው ውስጥ ተከራዪ፣ በኋላ የተሻለ ቤት ብታገኚም ሆነ ብትገዢ እዚያው ክልል ውስጥ ይሁን። ልጅን የሚከብደው ግድግዳ መቀየር አይደለም፣ ጓደኛ መቀየር ነው።

«ልጆቹን ከለመዱት ማውጣቴ ይጎዳቸው ይሆን» ብለሽም ተጨንቀሻል። የሰፈር ነገር በልጅ ላይ ምን ያህል እንደሚሰራ ካየሁት ሁሉ ጠንካራው መረጃ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የተካሄደ አንድ ሙከራ ነው። ድህነት ከበዛባቸው ሰፈሮች ለመውጣት በዕጣ ድጋፍ ያገኙ ቤተሰቦችን ልጆች የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ ካደጉ በኋላ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ13 ዓመታቸው በፊት ወደ ተሻለ ሰፈር የሄዱት ልጆች ትልቅ ሲሆኑ ገቢያቸው ካልሄዱት በ31 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ጎረምሳ ከሆኑ በኋላ የሄዱት ላይ ግን ጥቅሙ አልታየም። የናንተ ሁኔታ ከነሱ ይለያል፣ ግን ሁለቱም ልጆችሽ ገና ሰፈር የሚጠቅማቸው ዕድሜ ላይ ናቸው። የ9 ዓመቷን ከመጨረሻዎቹ ሁለት ምርጫዎች ጋር ይዘሻት ሂጂና አስተያየቷን ስሚ። አዋቂ የማያየውን ታያለች፣ የመረጠችውንም ሰፈር ቶሎ ትለምደዋለች።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ፦ ቢሮ የምትገቢው በሳምንት ስንት ቀን ነው? ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ስለ መንገዱ ያልኩሽን ላላ አድርጊውና ራቅ ያሉትንም ሰፈሮች እዪ፣ ያኔ ዋናው ነገር ኢንተርኔቱና ዘግቶ የሚሰራበት ክፍል ይሆናል። አምስቱንም ቀን ከሆነ ግን የመግቢያና የመውጫ ሰዓትሽን ጻፊልኝ፣ የባለቤትሽንም የስራ ዘርፍ ጨምሪ፣ የያዝሻቸውን ሰፈሮች አንድ በአንድ አብረን እናያቸዋለን።