ጥርሴ ዝም አለ፣ ተረፍኩ ማለት ነው? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ ስለ ጥርስ ነው። አብዛኞቹ የተላኩት ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፣ አልገረመኝም። አሳጥሬ ልመልስ ብዬ ነበር፤ የመጀመሪያው ግን አልታጠር አለኝ።

መንጋጋዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ሲጠዘጥዘኝ ከረመና ድንገት ለቀቀኝ። አሁን ምንም አይሰማኝም። ሐኪም ጋ መሄዱን ልተወው?

ኧረ አትተወው! ከሁሉም ያሳሰበኝ የአንተ ጥያቄ ነው።

የጥርስ ውጪው፣ ኢናሜሉ፣ ነርቭ የለውም። ነርቩና የደም ሥሩ ያሉት መሀል ላይ፣ በጠንካራ ግድግዳ በታጠረች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው። ጣትህ ቢቆስል ቆዳው ይለጠጥና ያብጣል። ጥርስ ውስጥ ያለው ለስላሳ አካል ግን ሲቆጣ የሚያብጥበት ቦታ የለውም፤ ግፊቱ ተመልሶ ነርቩ ላይ ያርፋል። ጥዝጣዜው ከዚያ ነው የሚመጣው። ጋደም ስትል የሚብስብህም ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ነው፣ ለዚህ ነው ቀን ችለኸው ሌሊት የሚያስለቅስህ።

እንዲህ ከርሞ ድንገት ጸጥ ሲል ብዙ ጊዜ ዳነ ማለት አይደለም። ነርቩ ሞቷል ማለት ነው። የሞተ ነርቭ አያምም፣ ባክቴሪያው ግን እዚያው አለ፤ በሥሩ ጫፍ አልፎ አጥንቱ ውስጥ መግል ይቋጥራል። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ ወራትም ሊፈጅ ይችላል፣ ከዚያ አንድ ቀን ጉንጭህ አብጦ ትነሳለህ፣ ወይ ደግሞ ድድህ ላይ ብጉር የመሰለች ነገር ትወጣና ስትፈርጥ አፍህን ይመርሃል። አሁን ብትሄድ ራጅ ታይቶ ውስጡ ተጠርጎና ተሞልቶ ጥርሱ ሊተርፍልህ ይችላል፣ ሩት ካናል የሚሉት ይህንኑ ነው። ከቆየህ ግን ያለህ ምርጫ ማስነቀል ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ጥርሴን ኤሌክትሪክ እንደያዘው ይነዝረኛል። ተቦርቡሮ ይሆን?

ሰከንድ ቁጠሪ። ውሃውን እንደዋጥሽ ሕመሙም አብሮ ከሄደ ነርቩ ደህና ነው፣ የተጋለጠ ቦታ ግን አለ። ገና የጀመረ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ድድሽ ሸሽቶ ሥሩ ብቅ ብሎም ሊሆን ይችላል።

እስቲ ብሩሽሽን አምጪና እይው። ገና ሁለት ወር ሳይሞላው ፀጉሩ እንደተረገጠ ሣር ወደ ጎንና ጎን ከተኛ፣ እየቦረሽሽ ሳይሆን እየፈገፈግሽ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ያዢ፣ በጣቶችሽ ጫፍ ብቻ። ፖታሲየም ናይትሬት ያለበት ለእንዲህ ዓይነት ጥርስ የሚሠራ ሳሙና አለ፤ ወዲያው አይሠራም፣ ሁለት ሳምንት ያህል ታገሺው።

ውሃው ከሄደ በኋላ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ከቆየብሽ፣ ወይም ትኩስ ነገር የሚያሳምምሽና ቀዝቃዛ የሚያስታግስሽ ከሆነ ግን ጉዳዩ የሳሙና አይደለም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ።

የተረፈ አሞክሳሲሊን ቤት አለኝ። ልዋጠው?

አትዋጠው። የተቆጣ ነርቭ ሕመም በአንቲባዮቲክ አይታገስም፣ የሞተ ነርቭ ውስጥ ደግሞ የደም ዝውውር ስለሌለ መድኃኒቱ በቅጡ አይደርስም። መግሉ መውጫ፣ ጥርሱ ሕክምና ይፈልጋል። አንቲባዮቲክ ቦታው እብጠቱ ሲስፋፋ ወይም ትኩሳት ሲኖር ነው፣ እሱንም ሐኪም ያዛል።

እስከዚያ አይቡፕሮፌን ከብዙዎቹ ማስታገሻዎች የተሻለ ይሠራል፣ ቁጣውን ራሱን ስለሚቀንስ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ካለብህ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ ግን ይቅርብህ፤ ነፍሰ ጡሮችም አይውሰዱት። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም አይለፍ። ባለ 500 ሚሊግራሙ ከሆነ 8 ፍሬ ማለት ነው።

አስፕሪን ፈጭታችሁ ድድ ላይ የምታደርጉ ደግሞ አላችሁ። አልፈርድባችሁም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ከንፈሬን ገለጥ ሳደርግ ድዴ ነጭ ሆኖ ተልጧል፣ ጥርሴም እንደነበረው ያመኛል። አስፕሪን አሲድ ነው፤ የሚሠራው ተውጦ ደም ውስጥ ሲገባ ነው። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ያቃጥላል።

ስነክስ ሳይሆን ጥርሴን ስለቅቀው ነው ውጋት የሚሰማኝ። ራጅ ተነሳሁ፣ ምንም የለም ተባልኩ።

ስንጥቅ ይመስላል። ስንጥቅ ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ተመልሰህ ሂድና ለእኔ የጻፍካትን የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እንዳለች ንገረው፣ ሐኪሙ ይገባዋል።

ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ የላይኛው መንጋጋዎቼ በሙሉ ያሙኛል።

አንድ ጥርስ ሳይሆን ረድፉ ካመመሽ፣ ጎንበስ ስትይም ከባሰብሽ፣ ሳይነስ፣ ማለትም ከጉንጭሽ በስተጀርባ አጥንቱ ውስጥ ያለው አየር የሞላው ክፍተት፣ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። የላይኞቹ መንጋጋዎች ሥር ከሳይነሱ ወለል ጋር ጎረቤት ነው። ጉንፋኑ ለቆሽ ሕመሙ ካልለቀቀ ታዪ።

ዕድሜዬ 61 ነው። ደረጃ ስወጣ የታችኛው መንጋጭላዬን በግራ በኩል ይይዘኛል፣ ሳርፍ ይተወኛል። የትኛው ጥርስ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ምናልባት ጥርስዎ ላይሆን ይችላል። ሲንቀሳቀሱ መጥቶ ሲያርፉ የሚሄድ የመንጋጭላ ሕመም ከልብ ሊመጣ ይችላል፣ ደረትዎን ባያምዎትም እንኳ። ከጥርስ ሐኪም በፊት የልብ ምርመራ ያድርጉ፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ። ቁጭ ብለው እያለ ከያዘዎት፣ ላብ ካጠመቀዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

የ6 ዓመት ልጄ መንጋጋ ተቦርቡሯል። የወተት ጥርስ ስለሆነ ይወድቃል ብዬ ተውኩት። ጥፋት ነው?

የፊቶቹ ይወድቃሉ፣ እሺ። የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ፣ ያን ሁሉ ዓመት በሕመም ሊያኝክ አይችልም። መግል ከያዘ ሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አዎ፣ ውሰጂው። ለሕመሙ አስፕሪን እንዳትሰጪው፣ ለልጆች አይሆንም።

መርፌ እፈራለሁ። እስከ መቼ ብችለው ነው ጥሩ?

ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ወይ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰህ ቀጠሮ ያዝ። እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ፣ አፍህን መክፈት፣ ምራቅህን መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረህ ደግሞ ቀጠሮ የለም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ፍርሃቱን ገና ሳትቀመጥ ንገራቸው፤ ከመርፌው በፊት ድዱን የሚያደነዝዝ ቅባት አለ፣ እጅህን ስታነሳ እንዲያቆሙልህም ተስማማ። ከሳምንት በላይ አስታመህ ከሄድክ ግን አንድ ነገር ልንገርህ፦ በጣም የተቆጣ ጥርስ በማደንዘዣ ቶሎ አይደነዝዝም፣ ስለዚህ የምትፈራት መርፌ ሁለት ልትሆን ትችላለች።