ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ

ከሁለት ዓመት በፊት፣ መጋቢት ላይ፣ አንድ የማውቀው ሰው ማታ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ተኝተው ነው እንዴ?» ድምፁ ውስጥ ደስታም ድንጋጤም አለ። ልጁ ሃይስኩል ሊጨርስ ሦስት ወር ቀርቶታል። 1500 ሜትር ይሮጣል፤ ሯጭ ስላችሁ የምር ሯጭ ነው። አንድ የጫማ ኩባንያ ውል ልኮለታል። «በዓመት 40,000 ዶላር ይላሉ። ኮሌጁን ትቶ ይፈርም?»

«ነገ ወረቀቱን ይዘህ ና» አልኩት።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ቤት መጣ። የፕሪየሱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ከጎኑ አሥራ አራት ገጽ ወረቀት። ያነበበው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው። ገንዘቡ የተጻፈው እዚያ ላይ ነዋ! አልፈረድኩበትም፤ እኔም ብሆን እዚያው ነበር የምቆመው። ባለቤቴ ቡና ታፈላለች፣ እኛ ገጽ በገጽ እንወርዳለን። ስድስተኛው ገጽ ላይ አንድ አንቀጽ አገኘን። ልጁ በዓመት ከተጠቀሰው ቁጥር ያነሰ ውድድር ከሮጠ፣ ወይም በዓመቱ ደረጃ ከተጠቀሰው ቦታ ከወረደ ክፍያው ይቀነሳል ይላል። ምክንያቱ ጉዳት ቢሆንም።

«እግሩን ሲያመው ደሞዙም አብሮ ይታመማል ማለት ነው?» አለች ባለቤቴ ቡናውን እየቀዳች።

አዎ፣ እንደዚያ ማለት ነው። በሩጫው ዓለም የተለመደ አንቀጽ ነው። ኩባንያው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ፈጣን እግር ነው የገዛው።

ከዚያ ሂሳብ ጀመርን። በአትሌቲክስ ኤጀንት አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ ይወስዳል። 6,000 ሄደ። ሯጩ ደግሞ የኩባንያው ቅጥር ሠራተኛ አይደለም፤ የሚከፈለው በ1099፣ ማለት እንደ ግል ሠራተኛ ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብሩን ሙሉውን ራሱ ይሸከማል። ኡበር ለሚነዳ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። «15.3 ፐርሰንት!» አለ ራሱን ይዞ። ወደ 4,800 ነው። ከ40,000ው 29,000 ገደማ ተረፈ። የፌዴራልና የስቴት ግብሩ ገና ነው። የጤና ኢንሹራንሱም፣ ፊዚዮቴራፒውም፣ ቤት ኪራዩም ገና ነው። ከፍታ ላይ ልለማመድ ብሎ አሪዞና ፍላግስታፍ ሦስት ወር ቢቀመጥ የዚያም ኪራይ አለ። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ደመረ፣ ቀነሰ፣ ከዚያ ዝም አለ።

«ልጁስ ምን ይላል?» አልኩት።

«እ... እሱን እንኳ በደንብ አልጠየቅኩትም።»

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ከሃይስኩል በቀጥታ ፕሮ፣ ማለት ለገንዘብ የሚሮጥ ባለሙያ መሆንን አልቃወምም። የምቃወመው ትምህርት ያልተጻፈበትን ውል ነው። አሜሪካዊቷ ሯጭ አሊሰን ፊሊክስ በ2003 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ከሃይስኩል ወጥታ በቀጥታ ፕሮ ሆናለች። አዲዳስ ሲያስፈርማት ግን የዩኒቨርሲቲ ክፍያዋን ጭምር ችሎ ነው። ለዩኤስሲ (ለደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ቡድን አንድም ቀን ሳትሮጥ እዚያው ዩኤስሲ ተማረች፣ በመምህርነት ትምህርት ተመረቀች። ሩጫውን ያቆመችው በ7 የኦሊምፒክ ወርቅ፣ በጠቅላላው በ11 ሜዳሊያ ነው። ይህችው ሴት በኋላ ናይኪ ውስጥ ሆና፣ ልጅ ለመውለድ በወሰነችበት ጊዜ ውሏን ለማደስ ስትደራደር፣ ከቀድሞው በ70 በመቶ ያነሰ ክፍያ እንደቀረበላት በ2019 በአደባባይ ጽፋለች። አሊሰን ፊሊክስ ላይ እንዲህ ከሆነ የእኔና የእናንተ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

የፓሪሱን የ2024 የ1500 ሜትር ፍጻሜ ያያችሁ አስታውሱት። ሦስት አሜሪካውያን ነበሩበት፤ ሦስቱም በተለያየ በር የገቡ። ያሸነፈው ኮል ሆከር ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ሮጦ ነው ፕሮ የሆነው። ሆብስ ኬስለር በ2021 ከሃይስኩል በቀጥታ ለአዲዳስ ፈርሞ ነበር፤ አምስተኛ ወጣ። የኛው ያሬድ ንጉሤ ኖተርዳም አምስት ዓመት ቆይቶ ነው የመጣው፤ ነሐስ። የብር ሜዳሊያው ያመለጠው በሰከንድ አንድ መቶኛ ነው። የብር ሜዳሊያውን የወሰደው ስኮትላንዳዊው ጆሽ ኬርም የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነበር። እንግዲህ ቀጥታው መንገድም ያደርሳል፤ በኦሊምፒክ አምስተኛ መውጣት ቀልድ አይደለም። ሜዳሊያ ያጠለቁት ሦስቱ ግን ሁሉም በኮሌጅ በኩል ያለፉ ናቸው።

የያሬድን ነገር ትንሽ ልጨምር፣ ወላጆች ስለምትወዱት። ኬንታኪ ሉዊቪል ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ሩጫ የጀመረው ሃይስኩል ከገባ በኋላ ነው። ባዮኬሚስትሪ ተማረ፣ የጥርስ ሐኪም መሆን ያምረው ነበር። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ተመርጦ ሄዶ ጡንቻው ተጎዳና ሳይሮጥ ቀረ። ያኔ ተማሪ ነበር። ስለተጎዳ ደሞዙን የቀነሰበት ኩባንያ የለም፤ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፣ ጨረሰ፣ በ2022 ፈረመ። በቀጣዩ ዓመት ማይል በ3:43.97 ሮጦ የአሜሪካን ሪከርድ ሰበረ። ያ ጉዳት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ውል ከፈረመ በኋላ ቢደርስበትስ? እኔ ሁልጊዜ የማስበው ይሄን ነው።

ሌላው ነገር በልጁ ዙሪያ ማን አለ የሚለው ነው። አሜሪካዊቷ ሯጭ ሜሪ ኬን በ2013 በአሥራ ሰባት ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሳ፣ በዚያው ዓመት ናይኪ የሚደግፈው ታዋቂ ቡድን ውስጥ ፕሮ ሆና ገባች። በ2019 ወጥታ ስትናገር ክብደት ቀንሺ እየተባለች ሰውነቷ እንደተጎዳ፣ አምስት አጥንት እንደሰበረች ተናገረች። አሰልጣኙ አስተባበለ። የሆነው ሆኖ እኛ ወላጆች ስለ ሰዓት እንጠይቃለን፣ ስለ ገንዘብ እንጠይቃለን፤ «ልጄን ሲያማት ማን ነው ሐኪም ቤት የሚወስዳት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም።

ደግሞ ኮሌጅ ማለት ድህነት ማለት ነው የሚለው ወሬ አርጅቷል። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ስፖርተኛ በስሙና በምስሉ ገንዘብ መቀበል ይችላል። ከ2025 ወዲህ ደግሞ በፍርድ ቤት ስምምነት የገቡ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው መክፈል ጀምረዋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አትጓጉ። የገንዘቡን ብዙውን የሚበሉት የአሜሪካን ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ ናቸው፤ ለሯጭ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ዋናው ሀብት ስኮላርሺፑ ነው። እንደ ኖተርዳም ያለ የግል ዩኒቨርሲቲ በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ከዚያ ግማሹን እንኳ ቢሸፍኑለት፣ ከጓደኛዬ ልጅ ውል የተጣራውን ይበልጣል።

ከአዲስ አበባ በኤፍ-ዋን የተማሪ ቪዛ ያመጣችሁት የወንድም ወይ የእህት ልጅ ካለ ግን ተጠንቀቁ። ጓደኞቹ ኢንስታግራም ላይ ጫማ እያስተዋወቁ ሲከፈላቸው አይቶ እሱም ቢቀበል፣ ያልተፈቀደ ሥራ ሊባልና ቪዛው ሊበላሽ ይችላል። መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ። አሰልጣኙ «ችግር የለውም» ቢለውም ይጠየቅ።

እግር ኳስ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ሃያ ሁለት ዓመት እስኪሞላ ኮሌጅ ከተጠበቀ ባቡሩ ሄዷል። በርሊን ተወልዶ እዚሁ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያደገውን ጌዲዮን ዘላለምን የዚህ አካባቢ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። በ2013 አርሰናል ወሰደው። በ2017 ጉልበቱ ተጎዳ፣ በ2019 ከአርሰናል ወጣ፤ በዋናው ቡድን ማልያ የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መሄዱ ስህተት ነበር አልልም። አርሰናል ሲጠራው ማን እምቢ ይላል? ዛሬ ግን ያ በር ራሱ ተዘግቷል፤ ከብሬግዚት፣ ማለት እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ የእንግሊዝ ክለቦች ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከውጭ አገር ማስፈረም አይችሉም። «እንግሊዝ እናስገባዋለን» ብሎ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አባት ጋ የሚመጣ ሰው ካለ ቡና አጠጡትና ሸኙት።

ከሃይስኩል በቀጥታ ኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) የገባው ሌብሮን ጄምስስ የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ። ኤንቢኤ ከ2006 ጀምሮ በሚመለመልበት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ የማይሞላውን አይቀበልም፤ ተዉት።

የራሴንም ጉድ ልንገራችሁ። የኔ ትልቁ ልጅ 800 ሜትር ሲሮጥ አንድ ድርጅት «ቪዲዮውን ለኮሌጅ አሰልጣኞች እንልክለታለን» ብሎኝ 2,400 ዶላር ከፈልኩ። አንድም አሰልጣኝ አልደወለም። በኋላ አንዱን አሰልጣኝ በአካል ሳገኘው ሳቀብኝ። «ሩጫ እኮ ነው፤ ሰዓቱን ኢንተርኔት ላይ አየዋለሁ፣ ቪዲዮ ምን ያደርግልኛል?» ከዚያ ልጄ ራሱ ቁጭ ብሎ ለሃያ አሰልጣኞች ሰዓቱንና ውጤቱን በኢሜይል ጻፈ። አራቱ መለሱለት። በነፃ።

ያ አባት ልጁን ሲጠይቀው ልጁ «መማር እፈልጋለሁ፣ ግን አንተ ገንዘቡን የምትፈልገው መስሎኝ ዝም አልኩ» አለው። ለኩባንያው ሁለት ነገር ጽፈን ላክን፦ የአራት ዓመት የትምህርት ክፍያ በውሉ ይግባ፣ በጉዳት ጊዜ ያለው ቅነሳ ይውጣ። ሦስት ሳምንት ዝም ብለው፣ ክፍያውን በ5,000 ጨምረው መለሱ። ስለ ትምህርቱ አንድ ቃል የለም። ልጁ ነሐሴ ላይ ኮሌጅ ገባ።

አባትየው አሁንም ማታ ማታ ይደውላል። ባለፈው ልጁ ከሚማርበት ከተማ አንድ የጫማ ሱቅ 300 ዶላር ከፍሎት ፎቶ እንዲለጥፍለት ጠይቆታል፤ ውሉ ሁለት ገጽ ነው።

«አንብበኸዋል?» አልኩት።

«ሁለቱንም ገጽ፣ ሁለት ሁለቴ» አለኝ።